በብዙ ኖራ

ባለፈው ሳምንት እህቴን ልቀበል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስሄድ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች ኖራ ሲቀቡ አገኘኋቸው። እንግዳ ሊመጣ ነው ማለት ነው። በእኛ ከተማ የእንግዳን መምጣት ከሬዲዮ ቀድሞ የሚያወራው ድንጋዩ ነው። ሁለት ሴቶች በርሜል ውስጥ ያለውን ኖራ በዱላ ያማስላሉ። ባጃጁ አጠገባቸው ሲደርስ ጉድጓድ አገኘውና ቀስ አለ። ያን ጊዜ ሽታው ገባ፤ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ የሚመስል፣ ግን አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ። ፊቴ ተለዋውጦ መሆን አለበት፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «የኖራው ሽታ ነው» አልኩት። «ኖራ ደግሞ ይሸታል?» ብሎ ሳቀ። ልነግረው ፈልጌ ነበር። ስለ አንድ ግድግዳ፣ ስለ ፍየል ጠጉር፣ ስለ አሪየት እናት፣ ስለ አንዲት ፊደል። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። በዚህ ዕድሜዬ ለባጃጅ ሾፌር እንኳ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ መናገር ያቅተኛል። ስለዚህ እንደ ልማዴ እጽፈዋለሁ።

ወደ ጋምቤላ የመጣሁት ክልሉ ክልል በሆነ ሰሞን ነው። ዓመቱን መጥቀስ ይቻላል፤ እኔ ግን ያንን ጊዜ የማስታውሰው በማኅተም ነው። የመሥሪያ ቤታችን አዲስ ማኅተም ገና አልደረሰም ነበርና በደብዳቤ ላይ አሮጌውን እየመታን ስሙን በእስክሪብቶ እንሰርዝ ነበር። ታሪክ አጥንቼ በተመረቅሁ በወሩ ተመድቤ፣ እናቴ ከነቁልፉ ያለበሰችኝን ወፍራም ሹራብ እንዳደረግሁ ከአውሮፕላን ወረድኩ። ሙቀቱ እንደ ሰው ፊት ለፊት መጥቶ ደረቴን ገፋኝ። ሹራቡን ግን ሰው ፊት ማውለቅ አፍሬ እስከ ከተማው መሃል ድረስ በላብ ተጠመቅሁ። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ የጥላ ጥላውን። በማንጎው ወቅት በሃምሳ ሳንቲም የገዛሁትን ማንጎ የምይዝበት አጥቼ በጉርዴ አቅፌው ሄጄአለሁ። በገበያው ማዕዘን አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ጠዋት የአማርኛ ካሴት፣ ከሰዓት በኋላ የሱዳን ዘፈን ያጫውታል። ጄኔሬተሩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ በአንድ ቃል ላይ ይተኛል። እዚያ የማውቃቸው አንዳንድ ዘፈኖች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አዲሶቹ ባለሥልጣኖች ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጣቃ የተቀደደ፣ አንድ ሰፊ የሰፋው ካኪ ሳፋሪ ይለብሱ ስለነበር ከኋላ ሲታዩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አይለዩም። እኔ ሁለቴ ለንብረት ክፍሉ ሰው እጅ ነስቻለሁ።

ቢሮአችን ከባሮ ዳር፣ የወንዝ መርከብ ይመላለስ በነበረበት ዘመን የውጭ አገር ነጋዴዎች ቡና ያከማቹበት የነበረ አሮጌ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለነበር ውጭው ሲነድ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ከሌላ ቢሮ ሰዎች ጉዳይ ሳይኖራቸው «ፋይል ልናይ» እያሉ መጥተው ይቀመጡ ነበር። ከቤቱ ሁሉ የምወደው የኋላውን በረንዳ ነው። የበረንዳው ግድግዳ ልስን እንደ ሌላው ለጥ ያለ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር አራት አራት ሆነው የሚሄዱ፣ እንደ ውሃ ሞገድ የሚወጡና የሚወርዱ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አሉበት። መጀመሪያ ሳየው ጌጥ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን አራት ጣቶቼን አስገብቼ ስስባቸው ልክ ገቡ።

ያንን ስሠራ ያየችኝ አሪየት ናት። አሪየት የመሥሪያ ቤቱ የጽዳትና የመላላክ ሠራተኛ ነበረች፤ አኙዋ፣ ረጅም፣ በአርባዎቹ የምትገመት፣ በአንድ ትከሻዋ ላይ የምትቋጥረው አረንጓዴ ጨርቅ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ሴት። በመጀመሪያው ቀን በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እርስዎ ነዎት የሚያጸዱት?» አልኳት። ዞር ብላ ከኋላዋ ተመለከተች። «እርስዎ ማን ነው? ሌላ ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ሆንን። የመዝገብ ቤት የሥራ ቦታ ክፍት ነበርና እሷ ልትወዳደር ፈልጋ ነበር፤ ፈተናው በአማርኛ ስለሆነ በምሳ ሰዓት በዚያ በረንዳ፣ ጀርባችንን ለሞገዱ ሰጥተን፣ አስተምራት ጀመር። ፊደሉን በፍጥነት ያዘች። ያስቸገራት የወንድና የሴት አነጋገር ነው። ለእሷ ሁሉም «መጣ»፣ ሁሉም «ሄደ» ነው።

«እናቴ ገበያ ሄደ።»

«ሄደች።»

«ለምን? እናቴ ሲሄድ እግር ሌላ ነው እንዴ?»

«ሴት ስለሆነች ነው፣ አሪየት።»

«በእኛ ቋንቋ ሰው ሄደ፣ ሄደ ነው። ዝናብ ሲመታው ወንድና ሴት ይለያል? አማርኛ ብቻ ነው ቀሚስ ውስጥ የሚያይ።»

እኔ ቀልቼ መሬት መሬት አያለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ሆኖም አልለቀቅኳትም። በደብተሯ ላይ በሁለት ዓምድ ጻፍኩላት። በአንደኛው መጥቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ኖሮ፤ በሁለተኛው መጥታ፣ በልታ፣ ተኝታ፣ ኖራ። መጥረጊያውን እየገፋች በዜማ ስትለው ከቢሮዬ እሰማት ነበር።

በዚያው ክረምት አንድ ጠዋት ከጽሕፈት ክፍሉ ጣሪያ ሥር አንድ ቁራጭ ልስን ተገንጥሎ የታይፕ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጸሐፊዎቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ሮጠን ስንሄድ የጮኹት ለድንጋጤው አልነበረም፤ ከተሰበረው ልስን ውስጥ ጠጉር ወጥቶ ነበር። ቡናማና ጥቁር፣ ብዙ፣ ከኖራው ውስጥ እንደ ሥር የተንጠለጠለ። «የሰው ነው!» አለች አንዷ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ነጋዴዎቹ ሰው ግድግዳ ውስጥ ቀብረዋል የሚል ወሬ ገበያ ደረሰ። የንብረት ክፍሉ ሰው፣ ያ እጅ የነሳሁት፣ በሩን አልረግጥም ብሎ ከማንጎው ሥር ወንበር አወጣ። አሪየት መጥረጊያዋን ይዛ መጣች፣ ቁራጩን አነሳች፣ ጠጉሩን ሳብ አድርጋ አሸተተችው።

«ፍየል ነው! ምን ትጮኻላችሁ? ፍየል!»

«ፍየል ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ይይዛል። ኖራ ብቻውን ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጠጉር ካለ እጅ ለእጅ ይያዛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በዝግታ «እኔ ነኝ የለቀምኩት፣ ቲቸር። ልጅ ሆኜ» አለችኝ።

ወደ መሥሪያ ቤቱ እንግዶች የሚመጡበት ቀን ተቆርጦ ነበርና ቤቱ እንዲታደስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኃላፊው ሰብሳቢ ሆነ። ከመሐል አገር የተላከ አንድ መሐንዲስ ነበረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸኩሎ ነበር እንጂ። ሲሚንቶውን ያመጣው መኪና ጭቃ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ነው የደረሰው፣ ከረጢቶቹም በዚያ እርጥበት ሳይደነድኑ መሥራት ፈልጎ ነበር። እኔ ጽሕፈቴ ስለሚያምርና ብዙ ስለማልናገር ጸሐፊ ተደረግሁ። ስለ ቤቱ ታሪክና ስለ አጠጋገኑ ሪፖርት እንዳቀርብም ተነገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ይህ ቤት የተሠራው በልል ጡብና በጭቃ ነው፣ እርጥበቱን የሚተነፍሰው በኖራው በኩል ነው፣ በሲሚንቶ ከታፈነ ውሃው ውስጥ ይቀርና ግድግዳውን ይበላዋል። የጎደለኝ የሰው ምስክርነት ነበር። ያም በየምሳ ሰዓቱ አጠገቤ ይቀመጣል።

አሪየት የተናገረችውን በእርሳስ ነው የጻፍኩት። እናቷ ወጣት ሳለች ነጋዴዎቹ ቤቱን እንደገና ሲያስለስኑ ወንዶቹ የታችኛውን ንጣፍ ወርውረው ሲጨርሱ የላይኛውን እንዲያለሰልሱ የአኙዋ ሴቶችን ጠሩ። የገዛ ቤታቸውን በጭቃ ሲለስኑ ያዩአቸው ነበርና። ልጆቹ ከነጋዴዎቹ የቆዳ መጋዘን ደጃፍ የፍየል ጠጉር እየለቀሙ ያመጣሉ፣ ባሮ ላይ ያጥቡታል፣ በዘንግ እየመቱ እንደ ጥጥ ይበትኑታል። እናቷ የኋላውን በረንዳ ስትለስን፣ እንደ ቤቷ ግድግዳ መስሏት ይሁን ወይ ሆን ብላ፣ ሳይደርቅ አራት ጣቶቿን ከዳር እስከ ዳር ሳበችበት። ነጋዴው መጥቶ ጮኸ። ከዚያ ራቅ ብሎ አየው። ከዚያ እንዲቀር ተወው። «እስከ ዛሬ እዚያው ነው» አለችኝ አሪየት፣ ሞገዱን በመዳፏ እየዳበሰች። «ኖራ እጅ ይበላል። የእናቴ መዳፍ ተልጦ ነበር፣ ነጭ ሆኖ ነበር። ፎቶ የለኝም፣ ቲቸር። ያኔ ማን ፎቶ ያነሳ ነበር። ይሄ ነው ያለኝ።»

በባሮ ላይ አንድ ታንኳ አለፈ። ከዚያ ቀና ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እያስቀመጠች፣ «እናቴ እዚህ ብዙ ኖራ ሞተች» አለችኝ።

ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብቼ ሪፖርቱን በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ እንደ ደግ አስተማሪ ቋንቋዋን አስተካከልኩላት። «ተልጦ ነበር» የሚለውን ተውኩ፣ መዳፍ ወንድ ሊሆን ይችላል። «እናቴ ሳበ» ያለችውን «ሳበች» አደረግሁ። መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንድ ነገር ጎድሎታል። ሰዓት ሙሉ ስናወራ የነበረው ስለ ኖራ ነው፣ ስለ ተላጠ መዳፍ ነው። አሪየት «በ» እና «ከ» መዝለል ትወድ ነበር፤ «ባሮ ታጠብኩ»፣ «ገበያ መጣሁ» ትላለች። እና አንዲት ትንሽ ፊደል ጨመርኩላት። «እናቴ እዚህ በብዙ ኖራ ሞተች።» ምስኪን፣ አልኩ በልቤ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት።

ስብሰባው የተካሄደው በዚያ በሚቀዘቅዘው ትልቅ ክፍል ነው። መሐንዲሱ ሪፖርቴን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ጠጉር ነው ያልሽው፣ ወይዘሪት?»

«የፍየል ጠጉር» አልኩ።

«ቤቱን ልንለስነው ነው ወይስ ሹሩባ ልንሠራው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ ይሄ ሳቄ ነው አሁንም እጄን የሚያስነክሰኝ። ሳቁ ሲበርድ መሐንዲሱ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ጮክ ብሎም አነበበው። «እናቴ እዚህ በብዙ ኖራ ሞተች።» «ይሄ ምንድን ነው? ኖራው ነው የገደላት?»

የገዛ እጅ ጽሕፈቴን አየሁ። ቆንጆ ነበር። «እንደዚያ ነው ያለችው» አልኩ።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «የገዛ ሠራተኛችን እናት በዚህ ግድግዳ ሞታ፣ እኛ ደግሞ ኖራ አምጥተን ሌላ ሰው ልናስለስን? ሕዝቡ ምን ይለናል?» ከልቡ ነበር ያዘነው። እኔ ሪፖርቴ አሥር ገጽ ሙሉ ኖራ ይሁን እያለ፣ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ በገዛ ብዕሬ አንገቱን ቆርጬዋለሁ። በሲሚንቶ እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለአሪየት ልነግራት ብዙ ቃል መረጥኩ። ስለ እናትሽ በጣም አዝነዋል፣ አልኳት። ስለዚህ በሲሚንቶ ይሁን ተባለ።

«ሲሚንቶ? ይሄም? ጣቱም?»

«ሁሉም። ኖራው እንደገደላት ስለነገርሽኝ።»

«ማን ገደለ?»

«ኖራው።»

«ኖራ ሰው ይገድላል እንዴ? እናቴ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሞተ! ጥርስ የለም። ምርኩዝ ይዞ ነበር። የልጅ ልጄን አይቶ ነው የሞተ!»

የእርሳስ ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩላት። እናቴ እዚህ ብዙ ኖራ ሞተች።

«አዎ! ልክ ነው! ብዙ ኖራ። ረጅም ኖራ።» ቆማ ነበር አሁን። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። መጥታ፣ በልታ፣ ተኝታ፣ ኖራ! ለእናቴ ብዬ በልቤ ስደጋግመው ነበር። እንዳልሳሳት። ለእናቴ ብዬ!»

እዚያ በረንዳ ላይ የተሰማኝን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ለወራት በሴት ተናገሪ ብዬ ስጎተጉታት የነበረችው ሴት፣ ለሚያስፈልጋት አንድ ዓረፍተ ነገር አንድም ስህተት ሳትሠራ ተናገረች፤ እኔ ደግሞ ስህተት ትሠራለች ብዬ ስለማምን ትክክሉን አበላሸሁት። የራሴን ትምህርት አፏ ላይ አላወቅሁትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ኃላፊው በር ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በመጨረሻ በሦስት መስመር ማስታወሻ ጻፍኩ፤ «በብዙ ኖራ» የሚለው «ብዙ ኖራ» ተብሎ ይታረም። ጸሐፊዋ ስትተይበው «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። ኃላፊው አንብቦ ፈገግ አለ፣ በደግነት። «አንዲት 'በ' ለማውጣት ስብሰባ ልጥራ፣ ልጄ? ቃለ ጉባኤ ከተፈረመ በኋላ ፊደል አይነካም። ደግሞስ ራስሽ አይደለሽም የጻፍሽው?» መልስ ነበረኝ። ሴትዮዋ ኖራለች እንጂ ኖራ አልገደላትም፣ ሞቷ በዕድሜ ነው፣ ጣቷ ግድግዳው ላይ አለ፣ ልጇ ከዚያ ሌላ መታሰቢያ የላትም። ይህን ሁሉ በአእምሮዬ በሥርዓቱ ደርድሬው ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

አሪየት ግን እንደ እኔ አይደለችም። «ወረቀት ተዪው። ግድግዳ እንሥራና ይዩ» አለች። ለመጸዳጃ ቤት ከመጣው ኖራ አንድ ከረጢት ወስደን በርሜል ውስጥ ውሃ ስናፈስበት እንደ ድስት ተንተከተከ። እስኪበርድ ጠበቅነው። ጠጉር ፍለጋ ገበያ ወረድኩ። ጋሽ ሙሄ የሚባሉ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ፍየል ነጋዴ ነበሩ። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ጥምጣማቸውን ወደኋላ ገፉት።

«ጠጉሩን ብቻ? ፍየሉንስ ለማን ልትተይው ነው?»

«ፍየሉ አያስፈልገኝም፣ ጋሽ ሙሄ። ለግድግዳ ነው።»

«ወይ ጉድ! እኔ ስንት ዘመን ጠጉሩን ስጥል፣ የመንግሥት ግድግዳ ራሰ በራ ሆኖ ኖሯል!» በሳምንቱ አንድ ጆንያ ሙሉ ይዘውልኝ መጡ፤ ዋጋውን ስጠይቃቸው «ሲያድግ ታሳዪኛለሽ» ብለው ሄዱ።

አሪየትና እኔ ባሮ ዳር አጠብነው፣ በዘንግ መታነው። ጠጉሩ እየበረረ አፌ ውስጥ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እሷ እየሳቀች «ቲቸር ጢም አወጣ!» አለች። «አወጣች» ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ከግቢው የውሃ ታንከር ጎን ባለው ግድግዳ ላይ የበር ስፋት የሚያህል ቦታ በኖራ፣ በአሸዋና በጠጉር ለሰነችው። ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ጋረድንበት። መሐንዲሱ በአራተኛው ቀን መጣ። አውራ ጣቱን ተጫነበት። ጣቱ ገባ።

«ይሄ አይብ ነው» አለ።

«ኖራ አይቸኩልም» አለችው አሪየት። «ወር ጠብቅ።»

«እንግዳው ወር አይጠብቅም፣ እናቴ።»

አሪየት ወደ እኔ ዞረች። ንገሪው የሚል አስተያየት ነበር። ኖራ ከአየር ጋር እየተዋሐደ በዝግታ እንደሚጠነክር፣ ለዚያም ብዙ ሳምንታት እንደሚያስፈልጉት አንብቤ ነበር፤ ገጹን ሳይቀር አስታውሳለሁ። መሐንዲሱም እኔን እየጠበቀ ነበር። ደብተሬን ከፍቼ ውስጡን አየሁ። የሚነበብ ነገር አልነበረበትም። መሐንዲሱ ሰዓቱን ተመልክቶ ሄደ።

ሲሚንቶው ተለሰነ። ሠራተኞቹ ቸኩለው ስለነበር የኋላውን በረንዳ አሮጌ ልስን እንኳ አልፋቁትም፤ በሞገዱ ላይ እንዳለ ደፉበት። አሪየት ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ትጠርግ ነበር። ቀና ብላ አላየችም። እንግዶቹ በቀኑ መጡ፣ ከፊት ለፊት ፎቶ ተነሡ፣ ለስላሳ ጠጡ፣ ሄዱ። የኋላውን በረንዳ ያየ አልነበረም። በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳው ከውስጥ ማላብ ጀመረ። ፋይሎቹ ሻገቱ፤ ቀዝቃዛው ክፍል የረጠበ ጆንያ ይሸታል፣ «ፋይል ልናይ» የሚሉትም ቀሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስንደርስ የበረንዳው ሲሚንቶ በትልልቁ ተሰብሮ በጀርባው ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ግድግዳው ላይ የቀረው እርጥብ ዱቄትና አፈር ነው። ሞገዱ ከላዩ ላይ ተልጦ ሄዷል።

ኃላፊው ምክንያቱን አጣርተሽ ሪፖርት ጻፊ አለኝ። መሐንዲሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። «ያው አሮጌው ኖራ ነው እንግዲህ» አለ ኃላፊው፣ «ያኔም ገዳይ ነው ብለሽ ነበር»። በታንከሩ ጎን ያለችው የአሪየት ልስን ግን ያን ክረምት ሙሉ ዝናብ መትቷት አልተነቀነቀችም። በቢላ ጫፍ ሞከርኳት፤ አልገባም።

በዚያኑ ቀን ከአሪየት ጋር አንዱን የሲሚንቶ ቁራጭ ለሁለት ሆነን ገለበጥነው። ከጀርባው፣ ሲሚንቶው በሞገዱ ላይ በተደፋበት በኩል፣ አራት አራት ሆነው የወጡ ክብ ክብ ጉብታዎች ነበሩ። እናቷ የሳበችው ጎድጓዳ ተገልብጦ ጣት ሆኗል። በየመካከሉ ጥቂት ቡናማ ጠጉር ተጣብቋል። አሪየት ተንበርክካ የራሷን ጣቶች በጉብታዎቹ መካከል አስገባች፤ ሰው እጅ ለእጅ ሲያያዝ እንደሚያደርገው። ብዙ ቆየች። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። በቃል አንድም ቀን አላልኳትም።

ቆይታ ፈተናውን አልፋ መዝገብ ቤቱን ያዘች፤ ያ ቃለ ጉባኤ ያለበት ፋይልም በእጇ ገባ። አንዴ በቀልድ «አውጥተሽ 'በ'ዋን ፋቂያት እንጂ» ብላት፣ ሳቀችና «ከተፈረመ ፊደል አይነካም፣ ቲቸር» አለችኝ። ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። ፋይሉ አለ። ስለ ቤቱ ሊጽፉ የሚመጡ ተማሪዎች አንዳንዴ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ኖራው ሰው መግደሉ እውነት ነው ወይ ይሉኛል።

እኔ ሁልጊዜ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ሪፖርቴን፣ መጨረሻውን ገጽ እዩ እላቸዋለሁ። ያን ቀን፣ ከተገለበጠው ሲሚንቶ አጠገብ፣ አሪየት ጣቶቿን ሳታወጣ «ደብተር አለሽ?» አለችኝ። አወጣሁ።

«እስክሪብቶ ይሁን። እርሳስ አይሁን።»

እስክሪብቶ ያዝኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ደብተሯ ላይ የጻፍኩላትን ሁለት ዓምዶች ታውቃቸዋለች፤ በዚያ ዓመት የሴቱን አንድም ሳትስት ትናገር ነበር። አሁን ግን ቀስ ብላ፣ አንዱንም እንዳልስት ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«እናቴ እዚህ ብዙ ኖሮ ሞተ» አለች።

ጻፍኩ።

«አንብቢ።»

«እናቴ እዚህ ብዙ ኖሮ ሞተ።»

«አታርሚው» አለችኝ።

አላረምኩትም።